ራጁ ያላየው

«ጭራ፣ ሰው የለም እኮ። አሁን ማነከሱን ማቆም ትችያለሽ።»

እህቷ ናት። ደረጃው መሃል ላይ ቆማ፣ የልምምድ ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አንጠልጥላ ቁልቁል ታያታለች። ጭራ የብረት መደገፊያውን ጨብጣ፣ ግራ እግሯን በተረከዟ ብቻ እያሳረፈች አንድ ደረጃ ወጣች፤ ከዚያ ሌላ። ቤታቸው ላይኛው ፎቅ ነው። ሊፍት የሚባለው ነገር ቦታ ተትቶለት ቀረ እንጂ እስከዛሬ አልመጣም፤ ጉድጓዱ ውስጥ ያለው የተከራይ ብስክሌትና እግሩ የወለቀ ወንበር ነው።

እህቷ «ኧረ አምሮብሻል» አለች። ግን ቀድማት አልወጣችም። እዚያው ቆማ እግሯን ታያለች።

እናታቸው ከፊት ናት፤ ትልቁን የራጅ ፖስታ ብብቷ ስር ሸጉጣለች። ከልብስ ስፌት ፋብሪካው የወጣችው አለቃዋን ለምና ነው፣ ግልምጫውን ውጣ ነው። በሩ ላይ ስትደርስ ቁልፉን አስገባችና ለማንም ሳይሆን ለቁልፉ የምታወራ ይመስል ጀመረች።

«ምንም የለም አሉ። ንጹሕ ነው አሉ። ትንሽ ድካም ነው አሉ። ለዚህ ብዬ ማሽኔ ላይ ሌላ ሰው አስቀመጡበት።»

«አልኩሽ አይደል እማ» አለች ትልቋ።

«አንቺ ዝም በይ። አንቺም ዝም በይ።»

«እኔ ምንም አላልኩም» አለች ጭራ።

«ልትይ ነበር።»

ፖስታው ጠረጴዛው ላይ ተወረወረ። እናት ኩሽና ገባችና ድስት ማንኳኳት ጀመረች። የሚታጠብም የሚሠራም ድስት አልነበረም፤ ማንኳኳት ብቻ ነው።

ጭራ የሚለውን ስም ያወጣችላት እራሷ እህቷ ናት፤ ልጅ እያለች የትም ስትሄድ ስለምትከተላት። እህትየው ደግሞ ገና ጥርሷ ሳይተካ «እትዬ በይኝ፣ ታላቅሽ ነኝ» ብላ አስገደደቻት፣ ስሙ እንደ ማስቲካ ተለጠፈባት። አሁን የትምህርት ቤቱ ሯጮች በሙሉ፣ በዕድሜ የሚበልጧት ሳይቀሩ፣ እትዬ ነው የሚሏት። አሰልጣኙ እንኳን «እትዬ፣ ጉልበት ከፍ» ይላል። እንደዚያ ብላ መጥራት ያቆመችው ጭራ ብቻ ናት። ከማጣሪያው ቀን ጀምሮ።

ነገሩ የተጀመረው በእልህ ነው። አንድ ቀን ማካሮኒ እየበሉ እትዬ «የሷ ስፖርት እኮ ከአልጋ ወደ ሶፋ ነው» አለች። እናት ሳቀች። ቀልዱ አልነበረም ጭራን ያቃጠላት፤ የእናቷ ሳቅ ነው፣ ከአፏ ማካሮኒ ሊወጣ እስኪደርስ። በማግስቱ የትምህርት ቤት ሸራ ጫማዋን አጠለቀችና ከአውቶቡስ ማዞሪያው ጀርባ ያለው አስፋልት ላይ ወጣች። የመጀመሪያ ቀን የበላችውን አጥር ስር መለሰችው። ግን ጭራ ቀስ በቀስ የሚባል ነገር አልፈጠረባትም። እትዬ ጠዋት የሮጠችውን ያህል እሷ ከሰዓት ትሮጣለች፣ ላዩ ላይ ደግሞ ትጨምርበታለች። ማንም አሰልጥኗት አይደለም። ከእህቷ ይበልጥ፣ በቃ፣ ልኬቱ እሱ ነው።

ትንፋሿ ቶሎ ተከፈተ። ባቷ ጠነከረ። ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለች መውጣት ጀመረች፤ እንደዚህ ጤነኛ ሆና አታውቅም። ከዚያ ማጣሪያ መጣ። ከየትምህርት ቤቱ ለረጅሙ ሩጫ የምትሄደው አንዲት ሴት ብቻ ናት፣ እሷም እትዬ እንደሆነች ግድግዳው ሳይቀር ያውቃል። የመጨረሻው መታጠፊያ ላይ እትዬ ማን እንደተከተላት ለማየት ዞር አለች። በዞረችበት በሌላው በኩል ጭራ አለፈቻት።

«ጭራ ራስ ሆነች» ብላ አጥሩ ላይ ሆና የጮኸችው ሬዲዮ ናት። ሬዲዮ ዱላ ቅብብል ነው የምትሮጠው፤ ከእግሯ ግን አፏ ይፈጥናል። ሜዳው በሙሉ ሳቀ። እትዬ አልሳቀችም።

ከዚያ ወዲህ ቤቱ ቤት አይደለም። ሁለቱ የሚተኙት ተደራራቢ አልጋ ላይ ነው፤ እትዬ ከታች ሆና በእግሯ የላይኛውን ፍራሽ ትመታለች። ጭራ የእትዬ መሮጫ ጫማ ውስጥ ውሃ ደፋች። እትዬ ደግሞ «የሒሳብ ፈተናው ተራዝሟል፣ መምህሩን ታክሲ ላይ አግኝቼው ነው» አለቻት፣ ፊቷ እንኳን ሳይቀየር። ጭራ አምና አላጠናችም፤ ፈተናው አልተራዘመም ነበር። እና ደግሞ ሰንደሉ አለ። እትዬ ከልምምድ በኋላ የምታደርገው፣ ሶሉ እንደ ዳቦ የወፈረ ሰማያዊ ሰንደል። በሩ አጠገብ ብቻውን ቦታ ተሰጥቶታል። «ሰንደሌን የነካ ጣቱን ቆርጬ ነው እጁ ላይ የማስቀምጥለት» ብላለች፤ እናትንም ጨምራ ነው ያለችው።

ህመሙ የመጣው በዚህ መሃል ነው። የግራ እግሯ ጀርባ ላይ፣ ከጣቶቿ ከፍ ብሎ፣ በአንድ ጣት የምትሸፈን ቦታ። መጀመሪያ ሮጣ ስትጨርስ ነበር። ከዚያ ስትጀምር ሆነ። ከዚያ ደረጃው ላይ። አሁን ብርድ ልብሱ ራሱ ሲነካት ታውቀዋለች።

*

አርብ ከሰዓት አሰልጣኙ ራጁን ከፖስታው መዞ ወደ ፀሐይ ዘረጋው። ልጆቹ ከበቡት። የጭራ እግር አጥንቶች ሰማዩ ላይ ነጭ ሆነው ተንጠለጠሉ፤ ቀጫጭን፣ የተደረደሩ፣ ምንም የማያውቁ።

«የታለ ስብራቱ?»

«አላውቅም ኮች። ግን ያመኛል።»

«አሳዪኛ። በጣትሽ አሳዪኝ።»

ጭራ ምኑን ታሳየዋለች? ፎቶው ላይ ምንም የለም። ክሊኒኩ ውስጥ ሐኪሙም እንዲሁ ነበር ያለው፣ ስልኩን እያየ። ሂጂ፣ ደህና ነሽ፣ ቀጣይ።

«እኔ ስንት ዓመት ሙሉ ከውድድር በፊት የሚያማቸው ልጆች አይቻለሁ መሰለሽ?» አለ አሰልጣኙ። «ሆድ፣ ራስ፣ ጥርስ። ጥርስ እኮ ነው የምልሽ፣ ለሩጫ። ነገ ጠዋት ሰዓት ማክበር ነው። እትዬ፣ አንቺም ተጠባባቂ ስለሆንሽ ትመጫለሽ።»

«እሺ ኮች» አለች እትዬ። እሷ ራጁን አላየችም። ሁሉም አንጋጦ ሰማይ ሲያይ እሷ ከኋላ ቆማ የውሃ ጠርሙሷን ክዳን ታዞር ነበር።

«የብርጭቆ እግር ይዤ ሄጄ አላውቅም፣ ብርጭቆ አትሁኚብኝ» አለ አሰልጣኙ ፖስታውን እየመለሰላት። ይሄን ነገር ሲል ቀልድ አይደለም። ባለፈው ዓመት አንዲት ዝላይ የምትዘል ልጅ ቁርጭምጭሚቷ ተሰብሮ፣ ድኖ፣ ሐኪም ፈቅዶላት መጣች። «አንዴ የተሰነጠቀ ብርጭቆ ሻይ አልጠጣበትም» ብሎ ስሟን ሰረዘው። ልጅቷ አሁን የምትጫወተው ቼዝ ነው።

ሬዲዮ ጭራን ክንዷን ይዛ ወደ አጥሩ ጎተተቻት።

«እሷ ናት አይደል? ጭንቅላትሽ ውስጥ ገብታ ነው። ንገሪኝ፣ ለማንም አልናገርም።»

«አንቺ?»

«እሺ ለጥቂት ሰው ብቻ። ስሚኝማ፣ እትዬ አንቺ ስትወድቂ ነው የምትጨፍረው። ነገ ካልሮጥሽ እኮ ሁሉም ሰው አስመስላ ነው፣ ማጣሪያውም ዕድል ነው ሊል ነው። አሁንም የሚሉ አሉ።»

«እነማን?»

«እኔ አላልኩም» አለች ሬዲዮ፣ ቶሎ ብላ።

*

ማታ እናት ገና ሳትመጣ፣ መስኮቱ ላይ ብርሃን እያለ፣ ጭራ ታችኛው አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ እግሯን በእርጥብ ፎጣ ጠቅልላ ነበር። መሰላሉን መውጣት ስላልቻለች ነው፤ ሌላ ጊዜ ቢሆን የእትዬን አንሶላ በጣቷም አትነካም። እትዬ ገባች፣ በሩን በጀርባዋ ዘጋች።

«ከአልጋዬ ተነሺ።»

ጭራ ለመነሳት እጇን ስትደገፍ እትዬ «ተይው፣ ተቀመጪ» አለች። ቆየችና ደግሞ፣ «ነገ አትሩጪ።»

ጭራ ሳቀች። ስላሳቃት ነው የሳቀችው። «ቦታውን ልስጥሽ?»

«አዎ ስጪኝ። የኔ ነበር። ግን ለሱ ብዬ አይደለም።»

«ስለምትወጂኝ ነው?»

«ኧረ ባክሽ። አሁን ራሱ ሳይሽ ያቅለሸልሸኛል።»

«ትናንት ደረጃው ላይ አስመሳይ ያልሽኝ አንቺ አይደለሽ?»

«መስሎኝ ነበራ። ሰው የለም ብዬሽ ማነከስሽን አላቆምሽም። ደግሞ በተረከዝሽ ነው የወጣሽው። የሚያስመስል ሰው ጉልበቱን ነው የሚይዘው፣ አንቺ ግን የፊት እግርሽን መሬት አላስነካሽም።» እትዬ ቦርሳዋን ወለሉ ላይ ጣለችው። «እዚህ ጋ ነው አይደል የሚያምሽ? በአንድ ጣት የሚሸፈን። መጀመሪያ ስትጨርሺ፣ አሁን ተኝተሽም።»

ጭራ ይሄን ለማንም አልተናገረችም። ለሐኪሙም አልተናገረችም፤ አልጠየቃትም።

«ማን ነገረሽ?»

«አጥንት ድንጋይ መሰለሽ እንዴ?» አለች እትዬ። «ሕይወት ያለው ነገር ነው። መሮጥ ስትጀምሪ፣ ይቺ ልጅ የበለጠ ልትጭነኝ ነው ይልና ራሱን እንደገና ይሠራል። ግን መጀመሪያ አሮጌውን ያፈርሳል። አፍርሶ ነው አዲስ የሚያስገባው፣ ያ ደግሞ ጊዜ ይወስዳል። ትንፋሽሽ ቶሎ ለመደ፣ ጡንቻሽ ለመደ፣ ደህና ነኝ ብለሽ ጨመርሽ፣ ጨመርሽ። ለሱ ግን ያኔ ነው የባሰ ሰዓቱ። ግድግዳው ፈርሶ አዲሱ ሳይገባ አንቺ ጣራው ላይ ዳንስ ጀመርሽ። እነዚያ የመሃል እግር አጥንቶች ደግሞ እስኪሪብቶ ነው የሚያክሉት።»

«ራጁ ንጹሕ ነው።»

«ራጁ መጀመሪያ ላይ ስንጥቁን አያየውም፣ ፀጉር ነው የሚያክለው። ሲድን ነው የሚታየው። ሲድን አጥንቱ ዙሪያ ነጭ ነገር ይሠራል፣ ያኔ ድጋሚ ቢያነሱሽ ቁልጭ ብሎ ይወጣል። አሁን ግን ንጹሕ ነው ይሉሻል፣ ነገ ትሮጪያለሽ፣ ከዚያ ቋ።» በጣቷ አጮኸችው።

ጭራ ፎጣውን አጠበቀችው። ነገሩ አሪፍ ነው፣ ያሳምናል። ፈተናው ተራዝሟል ያለችውም ያሳምን ነበር፤ መምህሩ ታክሲው ውስጥ የትኛው ወንበር ላይ እንደተቀመጠ ሳይቀር ነግራት ነበር።

«ካልሮጥኩ አንቺ ነሽ የምትሮጪው።»

«አዎ።»

«እኔ ደግሞ አስመሳይ እባላለሁ።»

«አዎ። ሬዲዮ ከምሳ በፊት ታዳርሰዋለች።»

«እና እንዴት ብዬ ነው አንቺን የማምንሽ? አንቺን፣ ከዓለም ሁሉ?»

ከታች መንገድ ላይ አውቶቡስ ቆመና ተነሳ። እትዬ ካልሲዋን አወለቀችና ግራ እግሯን አልጋው ጠርዝ ላይ፣ ከጭራ ጭን አጠገብ አኖረችው። «ጣትሽን አምጪ።»

ጭራ እጇን አልዘረጋችም። እትዬ ራሷ ጣቷን ያዘችና እግሯ ጀርባ ላይ ጫነችው። ቆዳው ስር ጉብ ያለ ነገር አለ። ጠንካራ፣ የሽንብራ ፍሬ የምታክል። ቦታው ያው ነው። ልክ ያው።

«አክስቴ ቤት የከረምኩ ጊዜ ትዝ ይልሻል? ሆዴን አሞኝ ነው የተባለው?» አለች እትዬ። ድምጿ ዝቅ ብሏል፤ ንዴቱ ግን እዚያው ነው። «የመጀመሪያው ራጄ ንጹሕ ነበር። ሮጥኩበት። አክስቴ ናት ሌላ ሐኪም ጋ የወሰደችኝ፣ ይሄን ሁሉ የነገረኝ እሱ ነው። እማ አታውቅም። ኮች ቢያውቅ ቼዝ ነው የምጫወተው።» እግሯን መለሰችና ካልሲዋን አጠለቀች። «ለማንም ብትተነፍሺ፣ እግዜርን፣ ሌላኛውንም እግርሽን እኔ ነኝ የምሰብረው።»

«ጉብታው ከጫማ ሊሆን ይችላል።»

«ይችላል።» እትዬ ተነሳች። «ታዲያ እኔን አትመኚ። በግራ እግርሽ ብቻ አንዴ ዝለዪ። ካላመመሽ ነገ ሂጂና አሸንፊ። አሁን ከአልጋዬ ተነሺ፣ ፎጣሽ አረጠበው።»

ጭራ እዚያ፣ እሷ ፊት፣ አልዘለለችም። ቢያማት ፊቷን እንድታይባት አልፈለገችም።

*

የውድድሩ ሜዳ ከትምህርት ቤታቸው ሜዳ ይሰፋል። ድምጽ ማጉያው ስም ይጠራል፣ ግማሹን ይውጠዋል። የየትምህርት ቤቱ ልጆች መለያ ለብሰው ይዘላሉ፣ ይንጠራራሉ፣ አንዷ ጥግ ላይ ሙዝ እየበላች ታለቅሳለች። ጭራ ቁጥሯን ደረቷ ላይ አድርጋለች። አውቶቡስ ውስጥ አጠገቧ ማንም አልተቀመጠም፤ እትዬ ኋላ ወንበር ላይ የተኛች መስላ ነው የመጣችው።

ከልብስ መቀየሪያው ጀርባ፣ የውሃ ጋኖቹ ያሉበት፣ ማንም የለም። ጭራ ግድግዳውን ያዘች፣ ከዚያ ለቀቀችው። ቀኝ እግሯን አነሳች።

ዘለለች።

የወረደችው በግራ እግሯ ሳይሆን በሁለት እጇ ነው። ኮንክሪቱ ላይ ተንበርክካ፣ አፏን በክንዷ ይዛ፣ ትንፋሿ እስኪመለስ ጠበቀች። ይሄ ድካም አይደለም። ድካም እንደዚህ ስለት የለውም። የሚገርመው ያናደዳት ህመሙ አልነበረም፤ ያቺ ልጅ እውነቷን መሆኑ ነው።

አሰልጣኙ አግዳሚ ወንበሩ ጋ ሰዓቱን እያየ ነበር። እትዬ ወንበሩ ላይ ተቀምጣ የጫማዋን ማሰሪያ ትፈታለች፣ ታስራለች። ሬዲዮ ጀርባቸው ቆማለች፣ ጆሮዋ ከፊቷ ቀድሞ።

«ኮች፣ አልሮጥም።»

«ምን አልሽ?»

«አልሮጥም። እግሬ ተሰንጥቋል መሰለኝ።»

«በእጄ ይዤ አይቼዋለሁ እኮ ራጁን። ሐኪሙም አይቶታል። ከሐኪም አንቺ ትበልጫለሽ?»

«አልበልጥም። ራጁ ሁልጊዜ ቶሎ አያይም።»

«ማን ነው ይሄን የነገረሽ?»

የእትዬ እጅ ማሰሪያው ላይ ቆመ። ቀና አላለችም። ጭራ ማጅራቷን አየችው፤ ፀጉሯን ወደ ላይ ጠቅልላ የያዘችበት፣ ላብ ያወጣው ማጅራት። አንድ ቃል ነው የቀረው። «እህቴን ጠይቃት፣ እግሯን አሳዪኝ በላት» ማለት ብቻ። ያኔ አስመሳይ የሚላት አይኖርም። እትዬም አትሮጥም። የሒሳብ ፈተናው፣ ፍራሹ፣ ያ ሁሉ በአንዴ ይከፈላል።

«ማንም» አለች ጭራ። «እግሬ ነው የነገረኝ።»

«እግሯ ነገራት» አለ አሰልጣኙ፣ ለሜዳው በሙሉ። «ፈሪ መሆንሽን ቀድመሽ ብትነግሪኝ ኖሮ ቁጥሩን በስምሽ አላወጣም ነበር። ፍቺው። እትዬ፣ ተነሺ።»

ጭራ ቁጥሩን የያዙትን መርፌ ቁልፎች አንድ በአንድ አወጣች። ሬዲዮ አፏን ከፍታ ዘጋችው፤ ከዚያ ወደ ሌሎቹ ልጆች ስትራመድ እርምጃዋ ቀስ ብሎ ጀምሮ ወደ ሩጫ ተቀየረ።

እትዬ ቁጥሩን ከእጇ ተቀበለች። ደረቷ ላይ እያደረገች አላየቻትም። ከወንበሩ ስር ሰማያዊውን ሰንደል በእግሯ ገፋ አድርጋ አወጣችው፣ አንዱን መታችው፣ ጭራ ፊት መጥቶ ቆመ። ሁለተኛውንም መታችው።

«ያንን ሸራሽን አውልቂ፣ ጠብቦሻል። ሰንደሉ ቢጠፋ ግን ወዮልሽ።»

መነሻው ጋ መጥራት ጀምረዋል። እትዬ ዞራ መሄድ ስትጀምር ጭራ «እትዬ» አለች።

እትዬ ቆመች። አልዞረችም።

«የመጨረሻው መታጠፊያ ላይ ወደኋላ እንዳታይ። እኔ ያለፍኩሽ ያኔ ነው።»

«ዝም በይ ጭራ» አለች እትዬና ሄደች።

ጭራ ሸራ ጫማዋን አወለቀች። ሰንደሉ ሰፍቷታል፤ ወፍራሙ ሶል ግን እግሯን ከኮንክሪቱ አርቆ ያዘላት። በአጥሩ በኩል «ፈርታ ነው፣ ፈርታ ነው» ሲባል ይሰማታል። ተኩሱ ጮኸ፣ ሁሉም ተነስቶ ማን እንደሚመራ ለማየት አንገቱን አሰገገ። እሷ ማን እንደሚመራ አላየችም። ከዚያ ሁሉ እግር መሃል አንድ ግራ እግር ብቻ መርጣ፣ መሬት በነካ ቁጥር ትንፋሿን ይዛ፣ ሲነሳ እየለቀቀች፣ ዙሩን በሙሉ እሱን ተከተለች።